የልብ ነርስ አይደለሁም

ውድ ጋሼ፣

ስልክህን ብትዘጋብኝ በወረቀት መጣሁብህ። ብትቀደው ሌላ እጽፋለሁ፤ ወረቀት ሞልቶኛል፣ ንዴትም እንደዚያው። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሰነበትክ አውቃለሁ። አውቶቡስህ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ እየተኛህ፣ በዳቦና በሻይ እየዋልክ፣ ለጠየቀህ ሁሉ «ጨጓራዬን ነው» እያልክ ነው። ለባለቤትህ ረጅም መስመር ወጥቻለሁ ብለሃታል። ምላጭና ቅያሪ ልብስ ሳይያዝ የሚኬድበት መስመር የትኛው እንደሆነ እኔን ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶልህ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ እጃቸውን ታጥበው፣ ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ መድኃኒቷን ደርድራ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅህ አልጋህ ባዶ ነው ተባልኩ። የሆስፒታሉን ፒጃማ እንኳ አጣጥፈህ ትራሱ ላይ አስቀምጠሃል። ሲሸሽ ልብስ የሚያጣጥፍ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፤ ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም። ስለዚህ ዛሬ ሳታቋርጠኝ ትሰማኛለህ።

ነገሩ ሲጀምርህ «ታች አካባቢ ደም አየሁ» ብለህ የነገርከው ለእኔ ሳይሆን ለጋራዡ ነው። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሹፌር የለም። አንዱ ቅባት አዘዘልህ፣ አንዱ ቅጠል አመጣልህ፣ አንዱ መሃሉ የተቦረቦረ ትራስ ገዝቶ ወንበርህ ላይ አነጠፈልህ። «ኪንታሮት ነው፣ የወንበር በሽታ ነው፣ ማን የሌለበት አለ?» አሉህ። አንተም ደስ አለህ፤ ኪንታሮት የሁሉም ስለሆነ አያሳፍርማ! ቱርቦ ብቻ፣ ያ መንገድ ላይ ማንንም የማያስቀድም ቀልደኛ ጓደኛህ፣ «ሂድና ታይ እንጂ፣ እህትህ እዚያው አይደለችም እንዴ?» ቢልህ ምን አገባህ ብለህ አፉን አስያዝከው። ስንት ሰው መሰለህ ኪንታሮት ነው እያለ ቅባት ሲቀባ ከርሞ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ እኔ ክፍል የሚገባው? ስሙ ነው የሚያዘናጋቸው።

እኔ ያወቅኩት በቀበቶህ ነው። እሁድ ቤትህ መጥቼ፣ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ቀበቶህ ላይ አየሁና ከሳህ ስልህ «ስፖርት ጀምሬ ነው» አልክ። ስፖርት! ከመሪው እስከ ሻይ ቤቱ ካልሆነ በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ሰው። ያን ዕለት እጅህን ይዤ ባልጎትትህ ኖሮ አሁንም በቀዳዳ ላይ ቀዳዳ እየበሳህ ነበር።

ሐኪሙ ምንም ሳይሸፋፍኑ ነገሩህ። ካንሰር ነው፣ ግን አልተሰራጨም፣ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። መውጫው አጠገብ ስለሆነ የተቆረጠውን መልሶ መቀጠል አይቻልም፤ አንጀትህ በሆድህ በግራ በኩል ይወጣል፣ ሰገራህ ከላዩ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል፣ ዕድሜህን ሙሉ። እድናለሁ ወይ ብለህ ትጠይቃለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ እኔ ዞረህ «ሰው ያውቃል እንዴ?» አልከኝ። ጋሼ፣ ያቺ ጥያቄህ ከምርመራው ውጤት በላይ አስደነገጠችኝ።

ከዚያ ምልክት የሚደረግበት ቀን መጣ። ለሥጋ ዘመድ እንዲህ ያለ ሥራ ባልሠራ እመርጥ ነበር፤ አንተ ግን «ካንቺ በቀር ማንም አያየኝም» አልክ። እሺ አልኩ። ቀዳዳው ሆድ ላይ የት እንደሚሆን አስቀድሞ በቀለም የማመለክተው እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ እኔ ባመለከትኩበት ነው የሚሠሩት። አልጋ ላይ የተንጋለለ ሆድና የተቀመጠ ሆድ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ወንበር ላይ አስቀመጥኩህ።

«እንደዚህ አይደለም፣ እንደምትነዳ ሆነህ ተቀመጥ።»

«መሪ የታለ?»

«ያዘው፣ አለ በልና ያዘው።»

እጆችህን አየር ላይ ዘረጋህ። ማርሽ ቀይር አልኩህ። «ዳገት ነው ቁልቁለት?» አልከኝ። ዳገት ስልህ ወደፊት ጎንበስ አልክ፤ ያኔ ሆድህ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ የሱሪህ ወገብ የት እንደሚያርፍ፣ የደህንነት ቀበቶው በየት በኩል እንደሚያልፍ አየሁ። ከሦስቱም ሸሽቼ፣ አንተ አጎንብሰህ ልታየው በምትችልበት ቦታ ጥቁር ነጥብ አደረግኩልህ።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድነው?»

«ስትነዳ እንዳይጫንህ ነዋ።»

«እነዳለሁ እንዴ?»

«ታዲያ ማን ይንዳልህ?»

ሳቅክ። እውነተኛውን ሳቅህን ነው የሳቅኸው፣ አውቀዋለሁ። አሸነፍኩ ብዬ ተኝቼ አደርኩ፤ አንተ ለካ ጫማህን እያሰርክ ነበር።

አሁን ደግሞ የቆየውን ላውጣው። የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ፣ የተከበሩ ሰዎች ጠረጴዛ ጋ ወስደህ «እህቴ የልብ ነርስ ናት» ብለህ አስተዋወቅከኝ። ከመካከላቸው አንዱ ሰውዬ ወዲያው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ። በሰው ሠርግ፣ በከፍተኛ ጫማ ቆሜ፣ የማላውቀውን ሰው የልብ ምት ስቆጥር አንተ በኩራት ታየኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ልቡን ለእኔ ሰጠ። እኔ ግን የልብ ነርስ አይደለሁም ጋሼ። የአንጀትና የፊንጢጣ ነርስ ነኝ። ፊንጢጣ! ይኸው ጻፍኩት፤ ወረቀቱ አልተቃጠለም፣ እጄም አልተቆረጠም። ልብማ ይዘፈንላታል፣ ይማልባታል፣ «ልቤ» ብሎ ፍቅረኛ ይጠራባታል። ለፊንጢጣ ማን ዘፈነ? አንድ ቀን ሥራውን ቢያቆም ግን ዘፋኙም ዘፈኑን ያቆማል።

ይህን ሥራ ሌላ አጥቼ አልያዝኩትም። ደግሞ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ መርጬ ነው የያዝኩት። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ከረጢታቸውን በቀየርኩ ቁጥር ፊታቸውን በፎጣ ይሸፍኑ ነበር። እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ተለጣፊውን በልካቸው እቆርጣለሁ፤ ከሰፋ ሰገራው ቆዳቸውን ይልጠዋል፣ ከጠበበ አንጀታቸውን ያቆስላል። እየቆረጥኩ ስለ ተማሪዎቻቸው እጠይቃቸዋለሁ፣ እሳቸውም በፎጣው ውስጥ ሆነው ይመልሱልኛል። አንድ ቀን ፎጣውን ራሳቸው አነሱት። ቀይዋን፣ እርጥቧን የአንጀታቸውን ጫፍ አጎንብሰው አይዋት አይዋትና «ይቺን ነው እንዴ የፈራሁት? የሕፃን ከንፈር እኮ ነው የምትመስለው!» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ራሳቸው እየቆረጡ ራሳቸው ይለጥፉ ጀመር፣ ጭራሽ አቆራረጤን ማረም ጀመሩ። እንዲህ ያለ ቀን ውዬ ቤቴ ስገባ የሚያኮራኝን ነገር አንተ ደብቀህ ነው ለሰው ያስተዋወቅከኝ። ተቀይሜሃለሁ። በጣም ተቀይሜሃለሁ።

ትናንት ቱርቦ መጣ። እንደ ነርስ የማንንም ምስጢር አላወጣም፤ ይህንን የምጽፍልህ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጻፊለት ስላለኝ ነው። «እኔ ብነግረው ቀልድ ይመስለዋል፤ ቀልደኝነቴ ጎዳኝ። አንቺ በጽሑፍ አድርጊልኝ» አለኝ። እሺ፣ በጽሑፍ ይኸው፤ ቱርቦ ከረጢት አለው። አንተ ወዳለህበት ጋራዥ ከመዛወሩ በፊት ጀምሮ አለው። አብሮህ በልቷል፣ አብሮህ አንድ ክፍል አድሯል፣ ዳገት ላይ ጥሩምባ እየነፋ አልፎሃል። ሸትቶህ ያውቃል? ከናፍጣ በስተቀር ምን ሸተተህ? «ሂድና ታይ» ሲልህ ምን አገባህ ብለህ አፉን ያስያዝከው ሰው፣ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ጣሪያ ያየ ሰው ነው። ሲወጣ ደግሞ በሩ ላይ ዞሮ «የልብ ነርስ ሆይ፣ ከፈለገ ሸሚዜን ገልጬ አሳየዋለሁ በይው፤ ግን በነፃ አይደለም፣ ሻይ ይጋብዘኛል» አለኝ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ፣ እሱም መነጽሩን ጠረገ።

ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ቀን የለኝም ብለው ነበር። አልለመንኳቸውም፣ ተሟገትኳቸው። ዓርብ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ትገባለህ፣ ሐሙስ መተኛት አለብህ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም፣ እሳቸውም መናገር አንችልም፤ ዛሬ ያልተሰራጨ ነገር እንዳይሰራጭ የሚይዘው ሰው የለም። አንተ የምትሸሸው ከረጢት አንድ ቦታ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ካንሰሩ ግን በሰውነትህ ውስጥ ይሄዳል።

ብትቀርና ብትሞት፣ ሰው መጥቶ በምን ሞተ ይለኛል። ጨጓራ ነው አልልም። ኪንታሮት ነው አልልም። ካንሰር ነው ብዬም ሰው እንዲያዝንልህ አላደርግም፤ ካንሰሩንማ ልናወጣው ነበር። «ወንድሜን ሐፍረት ገደለው» እላለሁ፤ በልጆችህ ፊት ነው የምለው፣ እነሱም ይህን ይዘው ያድጋሉ። ክፉ ነኝ? ልሁን።

ሐሙስ እስከ ምሳ ሰዓት ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ። እንደ ነርስ አፌ የተዘጋ ነው። እንደ እህት ግን ታውቀኛለህ፤ አውቶቡስህ ፊት ቆሜ፣ ሹፌሩም መካኒኩም ጥበቃውም እየሰማ፣ በሙሉ ድምፄ «ውረድ!» እልሃለሁ። ጥሩምባ ብትነፋ ከፊትህ አልነሳም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እናታችን ለፋብሪካ ፈረቃ ስትወጣ እኔን የምታጥበኝ አንተ ነበርክ። አንተ ራስህ ልጅ ነበርክ። ጓደኞችህ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «ሞግዚቷ!» እያሉ ሲስቁብህ፣ ከገንዳው ሳታወጣኝ፣ እጅህ በሰገራዬ እንደቆሸሸ ቀና ብለህ «እህቴ ናት፣ ምን ትሆኑ?» እንዳልካቸው እናታችን እስክትሞት ድረስ ታወራው ነበር። እኔም አሁን ለዓለም ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፤ ወንድሜ ነው፣ ምን ትሆኑ?

የማላፍርብህ እህትህ