የደከመው ውሃ

አሪቻ፣ ጥር 2006 ዓ.ም.

ውድ ሩሃማ፣

ሳዳም ነኝ። ተርባይኗን አደራ ብለሽው የሄድሽው ሳዳም። ትልቅ ግድብ ላይ ሥራ ከያዝሽ ወዲህ ሰላምታም በማመልከቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እንግዲህ ይህን ማመልከቻ በይው። ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጬ የወጣሁ ነኝና ፊደል ከገደፍኩ እየሳቅሽ እለፊው።

ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ሥራሽ ከወንዛችን መብራት የምታወጣ ተርባይን ልትተክዪ የመጣሽ ቀን ጭቃው አንሸራቶሽ ከነቦርሳሽ ወንዝ ገባሽ። «ጥልቀቱን እየለካሽ ነው?» ስልሽ፣ «ና አውጣኝ እንጂ፣ አንተ ባለጌ!» አልሽኝ። ሥራ የያዝኩት በዚያው ነው። ቺንጋ ማጥበቅ፣ ኩሽኔታውን ግራሶ መቀባት፣ የውሃ መግቢያው ወንፊት ላይ የሚሰነቀረውን የእንሰት ቅጠል መልቀም አስተማርሽኝ። የመጀመሪያዋ አምፖል ስትበራ መንደሩ እልል አለ። አንቺ አለቀስሽ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ውስጥ ግራሶ ገባ።

አሁን የመንግሥት መብራት ገብቶልናል። የኛን ሽቦ የልብስ ማስጫ አደረጉት። ጎረቤቴ ሙሉነሽ የልጇን ልብስ ስታሰጣበት አየሁና «ልጁ ሲለብሰው እንዳይበራ!» ብዬ አስደነገጥኳት። ስቃ ስታበቃ ግን «ሳዳምዬ፣ አሁንስ ተዋት በቃ» አለችኝ። ተርባይኗ ላይ የቀረው የኔ አምፖል ብቻ ነው። ደንበኛው እኔ፣ ጠጋኙ እኔ፣ መብራት ሲጠፋ ተሳዳቢም ተሰዳቢም እኔው።

በዚህ ላይ ጋሽ ባልቻ ከሰሱኝ። ከኛ በታች ቡና የሚያሳጥቡት ሽማግሌ፣ መቼም ታስታውሻቸዋለሽ። ዘንድሮ ቡናቸው ሸተተባቸው። ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ሶንጎ ተነሥተው፣ «ይሄ ልጅ የውሃውን ጉልበት እየወሰደ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው የደከመ ውሃ ነው፤ እንዴት ቡና ይጠብ?» አሉ።

«ጋሽ ባልቻ፣ ቢደክመውማ መንገድ ላይ አረፍ ብሎ ይመጣ ነበር» አልኩ። ሰው ሳቀ፣ እሳቸው ከዘራቸውን አነሡ። ከዚያ እንዳስተማርሽኝ ረጋ ብዬ አስረዳሁ። ውሃው እንደገባ ይወጣል፤ መዘውሩን ገፍቶ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ጠብታ አይጎድልበትም።

«እንሞክረው» አሉ ሽማግሌዎቹ። አንዱን ቡና ከተርባይኗ በላይ፣ ሌላውን ከታች በተቀዳ ውሃ አጠብን። ሁለቱም ሲደርቁ ጋሽ ባልቻ የታችኛውን አሽትተው «የላይኛው ይሄ ነው፣ ያስታውቃል!» አሉ። ሶንጎው በሳቅ ፈረሰ። ቡናው የሸተተው ገንዳ ውስጥ ሰንብቶ እንደሆነ ሠራተኞቻቸው ተናገሩ። አሸነፍኩልሽ።

ይሄኔ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ፣ «እሺ ልጄ፣ ውሃው አልደከመም። ግን ለማን ነው የምታበራው?» አሉኝ።

ሰው ሌላ ቀልድ ጠብቆ አፍ አፌን አየኝ። እኔ አቀርቅሬ ከጥፍሬ ሥር ግራሶ መፋቅ ያዝኩ። አስቢው፣ እኔ!

ስትሄጂ ወናጎ ድረስ ሸኝቼሽ፣ በሚኒባሱ መስኮት «ግድቡ ውስጥ እንዳትወድቂ፣ እዚያ አውጪ የለሽም» አልኩሽ። ልልሽ የፈለግኩት አትሂጂ ነበር። አንቺ ሳቅሽ፤ መኪናው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ወርጄ ወንፊቱን ስጠርግ፣ ብትመጪ ተርባይኗን ስትዞር እንድታገኚያት ብዬ ነበር። ይሄን ለሶንጎ እንዴት ብዬ ልናገር?

ሽማግሌዎቹ አልፈረዱብኝም። «እንደ ፈቀድክ» ብለው ተነሡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወርጄ ውሃውን ወደ ተርባይኗ የሚያመጣውን ቦይ መዝጊያ ዘጋሁት። መዘውሩ ቶሎ አልቆመም፤ እያዘገመ፣ እያዘገመ፣ አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ። ያኔ የወንዙ ድምፅ ብቻውን ተሰማኝ። ስንት ዘመን አጠገቡ ኖሬ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። ቁጭ ብዬ የማናግረው ሰው ፈለግሁ፤ ጋሽ ባልቻም ቢሆኑ አይከፋኝም ነበር።

ፈታትቼ፣ ጠርጌ፣ ግራሶ ቀብቼ ቤቴ አስገብቻታለሁ። ኩሽኔታዋ ደህና ነው። አንቺ ባለሽበት አካባቢ ወንዝ ኖሮት መብራት ያልደረሰው መንደር ካለ ጻፊልኝ፤ ተሸክሜያት እመጣለሁ። ለማን ነው የምታበራው ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ አሁን መልሱን አውቀዋለሁ።

መንደር ባይኖርም ጻፊልኝ፣ ሩሃማ። ይሄኛው ቀልድ አይደለም።

ሳዳም