ላንቺ የተባለ ይቅርታ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃውን ለመደው ወይስ ዛሬም ያማርርሻል? ልጆቹስ? ትልቁ ድምፁ ጎረነነ ብለሽኝ ነበር፤ እስኪ በስልክ አቅርቢልኝ፣ አልስቅበትም። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ ልቧ ያው ቶሎ ይደክማታል፣ ግን እንቅልፍ አግኝታለች። አንድ ነገር ልነግርሽ ስንት ጊዜ ደውዬ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። በጽሑፍ ይሻላል፤ ስትቆጪ አላይሽም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ልብስ ከምንተኩስበት ቤት በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ሬኪ የሚባል ነገር ማስተማር ጀመረች። ከጃፓን የመጣ ነው። ስሰማው ማሸት መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ሰውየው ጫማውን ብቻ አውልቆ ልብሱን እንደለበሰ ጋደም ይላል። አንቺ እጅሽን መጀመሪያ ራሱ ላይ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ፣ ከዚያ ሆዱ ላይ እያልሽ ቀስ አድርገሽ ታሳርፊያለሽ። አትጫኚም፣ አታሺም። መነካት የማይወድ ከሆነ ደግሞ እጅሽን ከፍ አድርገሽ በአየር ላይ ትይዣለሽ። በቃ ይኸው ነው። በእጅ በኩል የሚተላለፍ የሕይወት ኃይል አለ የሚሉ አሉ፤ ነርሷ ግን፣ «እሱን እንደየእምነታችሁ ያዙት፤ እኔ ያየሁት ሰው ሲረጋጋ ነው» ትላለች። በሽታ ያድናል የሚላችሁን ሽሹ፣ መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁንማ ከበር መልሱ ብላናለች። ለማረፍ ነው፤ ከሐኪም ጎን እንጂ በሐኪም ፈንታ አይደለም።

እኔ ስወደው ልነግርሽ አልችልም። ዕድሜ ልኩን ካውያ የጨበጠ እጅ ምንም ሳይሠራ ተቀመጥ ሲባል እንዴት ደስ እንደሚለው። ባለቤቴ፣ «ልብሱ አልበቃ ብሎሽ ሰው ልትተኩሺ ነው?» ብሎ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ሶፋው ላይ አጋድሜ ስሞክርበት ግን ቴሌቪዥኑ እንደበራ አንኮራፋ። ተኝተህ ነበር ብለው፣ «ዓይኔን ባሳርፍ ተኛ ተባልኩ» አለኝ።

ከዚያ ወደ እማዬ ዞርኩ። ሐኪሟን ብጠይቀው፣ መድኃኒቷን እስካልተወች ድረስ ምን ይጎዳታል አለ። እሷ ናት ያስቸገረችኝ። «እጅሽን ልታሳርፊብኝ? ሥራ ፈታሽ?» አለች፤ መነካት እንደማትወድ ታውቂያታለሽ። ግን እንቅልፍ ማጣቱ ሲብስባት እሺ አለች። ለስላሳ ጨርቅ አጥፌ ዓይኗ ላይ አደረግኩላት። መጀመሪያ ሰሞን እንደ እንጨት ደርቃ ነበር የምትተኛው። ውላ አድራ ትከሻዋ ላላ፣ ትንፋሿ ረዘመ። አብሬያት ኖሬ ትከሻዋ ያን ያህል መቅጠኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ እጄ ደረቷ ላይ እንዳለ፣ «ትንሿ» አለች። አንቺን። ጨርቁ ዓይኗ ላይ ነበር። «ትንሿ፣ ባልሽን ትተሽ የመጣሽ ለት ተኝቼ አልነበረም» አለች። «ስታንኳኪ ሰምቻለሁ። መወርወሪያውን ይዤ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። የሻንጣሽ ጎማ ኮረኮንቹ ላይ ሲንኳኳ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት። ይቅር በይኝ ልጄ።»

እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝታ ነው ያልሰማችሽ እያልኩ ስሟገትላት ኖሬያለሁ። አንቺ ግን ታውቂው ነበር፣ አይደል? «በገዛ አፏ ይቅር በይኝ ትበለኝ፣ በማግሥቱ እመጣለሁ» የምትይኝ ለዚህ ነበር።

ይኸው አለችልሽ። እኔስ ምን አደረግኩ መሰለሽ? እኔ ነኝ እማዬ፣ ትልቋ ነኝ ማለት ሲገባኝ፣ ድምፄን ቀጠን አድርጌ፣ «ይቅር ብዬሻለሁ እማዬ» አልኳት። እጄን ያዘችና ሳመችው። ይህን ያህል ዘመን ሳጥባት፣ ሳጎርሳት፣ አልጋዋን ሳነጥፍ አንድ ቀን ስማኝ የማታውቅ ሴትዮ። ደግሞ ጣመኝ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ለእሷ አዝኜ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕለት ዕለት «ደወለች?» ትል የነበረችው ሴት ስላንቺ መጠየቅ ተወች። መጣሽ ብላ ካመነች የት ሄደች ማለት አልነበረባትም? እሱንም አላለች። ትተኛለች፣ እህል ትቀምሳለች፣ እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት። ይቅር ማለቱ ያንቺ ነበር፤ አለማለቱም ያንቺ ነበር። ሁለቱንም ነጠቅኩሽ።

ለነርሷ ብነግራት፣ «እጅሽን አሳርፊ አልኩሽ እንጂ አፍሽን አልኩሽ?» አለችኝ። ስስቅ እሷ አልሳቀችም። ሰው እንዲያ ልቡ ሲፈታ የሚናገረው አደራ ነው፣ ለባለቤቱ አድርሺ አለች። እያደረስኩ ነው እንግዲህ። ብትቆጪ ተቆጪኝ፣ ብትሰድቢኝም እችላለሁ፤ ብቻ በእኔ ጥፋት የተነሳ እሷ ጋ ከመምጣት እንዳትቀሪ። ሐኪሙም ስለ ልቧ እንደ ድሮው ደፍሮ አይናገርም።

ይህን ስጽፍ እማዬ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ። የልብስ ቤቱን ሒሳብ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ ስምሽን ጨርሶ አላነሳሁም። እሷ ግን፣ «መታመሜን አታብዢባት። አዝና እንድትመጣ አልፈልግም» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ባለፈው ሳምንት ይቅር ያልሻት አንቺው ነሽ ብላ ካመነች፣ ዛሬ ይህን ለምን ትለኛለች? እኔ እንጃ፣ እህቴ። አንቺው መጥተሽ ጠይቂያት።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ መንገዱንም ያቅናልሽ።

ከነጥፋቷ የምትወድሽ፣
ታላቅሽ