ከሞትሽ በኋላ የታከምሽባቸው ቀናት

ውድ እማዬ፣

እንደምን አለሽ እንዳልልሽ የለሽም። እንዳልተወው ደግሞ ሰላምታ ሳይሰጡ ወሬ መጀመር የባለጌ ሥራ ነው ብለሽ ነው ያሳደግሽኝ። ስለዚህ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና አይደለሁም።

የሆስፒታሉ ሒሳብ መጣ። አንቺ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እጄ ላይ ነው ያረፍሽው። ወረቀቱ ላይ ግን ረቡዕ ጠዋት ቁርስ በልተሻል። ኦክስጅን ተሰጥቶሻል፣ ትልቁ ሐኪም መጥተው አይተውሻል። ሐሙስ ደግሞ ገላሽን ታጥበሽ፣ ጎንሽን አገላብጠውሽ፣ ትኩሳትሽ ተለክቶ ደህና ሆነሽ ተገኝተሻል።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ቀጥሎ ግን ፈራሁ፣ እማዬ። ዓይንሽን በገዛ እጄ የከደንኩት እኔ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ «ተሳስተን ይሆን እንዴ? ጥላኝ ሄደች እያለች እየጠበቀችኝ ይሆን?» አልኩ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ሳህን ሳጥብ ከመኝታ ቤትሽ ትጠሪኛለሽ። «አቤት» እላለሁ፤ ቧንቧውን ዘግቼ ጆሮዬን እተክላለሁ። ማንም የለም። መልሼ ቧንቧውን እከፍታለሁ።

ያን ማክሰኞ ደወሉን ስጫን፣ ስጫን፣ የሚመጣ ጠፋ። ትንፋሽሽ እያጠረ እንኳን «ተይ፣ አትጩኺባቸው፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው» ትይኛለሽ። አንቺና ይሉኝታሽ! እኔ ደግሞ ነገረኛ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ ልጅ ነኝና ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ክፍሉን በአንድ እግሩ አቆምኩት። ያኔ ነው ዋና ነርሷ የመጣችው። ራስጌሽ ካለችው የቆርቆሮ መያዣ ካርድሽን አወጣችና በቀይ እስክሪብቶ «የቅርብ ክትትል ይደረግላት፤ ትልቁ ሐኪም ይያት» ብላ ጻፈችበት። መልሳ ሰክታው ሄደች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ? ሐኪሙ ሳይመጣ አንቺ ሄድሽ።

እናልሽ ወረቀቱን ይዤ ሒሳብ ክፍል ሄድኩ። ከመስታወቱ ኋላ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አየና፣

«እናትዎ እስከ ሐሙስ ታክመዋል» አለኝ።

«ማክሰኞ ነው የሞተችው።»

«እዚህ ግን ሐሙስም አሉ።»

«እንግዲያው ስጡኛ! አሁኑኑ ይዣት ልግባ!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እኔ ግን አፌ ነው እንዲያ ያለው፣ ሆዴ የምሩን ነበር። ቢሰጡኝ ይዤሽ እገባ ነበር። ልጁ ደነገጠ መሰለኝ፣ ስልክ አነሳና ወደ ላይ ደወለ። ዋና ነርሷ እንደምትፈልገኝ ነገረኝ።

ወደ ክፍልሽ ስወጣ አልጋሽ ላይ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። ነጭ ፀጉር፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ልክ እንዳንቺ። ቆርቆሮው ላይ የሳቸው ካርድ አለ፤ ከበስተኋላው ግን ያንቺው ካርድ ጠርዝ ብቅ ብሏል፣ ቀዩ ጽሑፍም ይታያል።

ነርሷ ዓይኔን ማየት አልቻለችም። «አስከሬን የሚያወጣው ሰው አስከሬኑን አወጣ» አለችኝ። «አንሶላ የምትቀይረው አንሶላውን ቀየረች። ካርድ ማንሳት ግን የማንም ሥራ አልነበረም።» አሮጊቷን ጎረቤት ነው ከድንገተኛ ክፍል አድርሶ የሄደው። ሹፌር የሆነው ልጃቸው መንገድ ላይ ስለነበር ብቻቸውን ነበሩ። ተረኞቹም ካርድሽን እያነበቡ፣ በስምሽ እየጠሩ፣ ቀዩ ጽሑፍ እንዳዘዘው አከሟቸው። ልጃቸው ደርሶ «ይሄ የማን ስም ነው?» እስኪል ድረስ ማንም አልነቃም። ከነቁ በኋላም ለሒሳብ ክፍል የነገረ የለም።

«ስምዎ አይደለም እኮ! እንዴት ዝም ይላሉ?» አልኳቸው አሮጊቷን።

«ምን ላድርግ ልጄ? ሰው በክብር ሲጠራሽ ዝም ይባላል? አቤት አልኳ!» ካሉ በኋላ ቀስ ብለው፣ «ደግሞ አቤት ስል መጡልኝ» አሉ።

እኔ አስተማሪዋ፣ ስም ስጠራ ለቀረ ጓደኛው አቤት የሚለውን ሁሉ ከክፍል የማስወጣው፣ እሳቸውን ግን ከየት ላስወጣቸው? ላንቺ አልዋሽም፣ ጠላኋቸው። ያንቺን ትንፋሽ የሚተነፍሱ መሰለኝ። እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይሞቃል።

«ባለስሟ እናትሽ ናቸው?»

«አዎ።»

«እኔን! ስማቸው አተረፈኝ፣ ልጄ።»

እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በቀብርሽ ቀን እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

ሒሳብ ክፍል ስመለስ ልጁ ደስ ብሎት ጠበቀኝ። «ተስተካክሏል። ሁለቱን ቀን ከእናትዎ አንስተን ወደ ሴትዮዋ እናዞረዋለን። እሳቸው እስኪከፍሉ አይወጡም እንጂ፣ እርስዎን አይመለከትም።» ሹፌሩ ልጃቸው አጠገቤ ቆሞ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ቁልፉ ቆመ።

«አታዙረው» አልኩት። «የረቡዕንና የሐሙስን እኔ እከፍላለሁ። እስከ ማክሰኞ ያለውን ግን ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም።»

«እናትዎ ከሞቱ በኋላ ያለውን ከፍለው፣ በሕይወት የነበሩበትን አልከፍልም ነው የሚሉት?»

«አዎ። ረቡዕ ሐኪም መጥቷል፣ ሐሙስ ነርስ መጥታለች። እናቴ ነፍሷ ሳትወጣ ማን መጣላት? ለተሠራ ሥራ ይከፈላል።»

«ይከሰሳሉ እኮ!»

«እሰይ! ክሰሱኛ። ያኔ ማክሰኞ የት እንደነበራችሁ በሰው ፊት ትነግሩኛላችሁ።»

የሁለቱን ቀን ከፍዬ ወጣሁ። ሹፌሩ እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ኋላ የሆስፒታሉ ሰዎች ለክስ ሳይሆን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ቀጠሩኝ። አንቺ ብትሆኚ «ተይ፣ ይቅር፣ ሰው አታስቀይሚ» ትዪኝ ነበር። ይቅርታ እማዬ፣ ይሄን እንኳን እሺ አልልሽም።

ትናንት ደግሞ ከመኝታ ቤትሽ ጠራሽኝ። ይኸውልሽ፣ ምን እንደፈለግሽ ገብቶኛል መሰለኝ። ጠርተሽ የመጣልሽ ሰው አልነበረም። ፋይሉ በስምሽ ስለሆነ ኮሚቴው የሚጠራው የኔን ስም ሳይሆን ያንቺን ነው አሉኝ። አታስቢ፣ አንቺ አርፈሽ ተኚ። የዚያን ቀን ከሁሉም በፊት ደርሼ ከፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስምሽን ሲጠሩ ብድግ ብዬ አቤት እላለሁ።

ነገረኛዋ ልጅሽ