ስለ ታሰረው የብርዝ ገንቦ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፳፮ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለተከበሩ የኢጣልያው ካፒታኖ፣ የእስር ቤታችንና የሕሙማን ቤታችን ጌታ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልሁ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የወንዛዬ ፍል ውኃ ለወገብዎ እንደተስማማው ሰምተን ደስ ብሎናል፤ እኛም እርስዎ ከከተማው ርቀው በነበሩባቸው ቀናት እግዚአብሔር ይመስገን እጅግ ደኅና ሰንብተናል። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በገበያውና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እንዲያነብለት የማደርገው፣ ይህን ሁሉ ቸርነትዎን ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው። አስተርጓሚዎም አንዲት ቃል ሳያለሰልስ ያነብልዎ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ ፈንታነሽ ባሌን አረቄ የቀበረብኝ ሴት ነኝ። የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበራችን እንደ እኔ ያሉ ሴቶችና መጠጥ የተዉ ወንዶች የተሰባሰቡበት ነው። በጽዋችን ጠላ አይቀዳም፤ የምንጠጣው ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚቀርበውን ብርዝ ነው። ማሩን የምትሰጠን ነጋዴዋ ከድጃ ናት፤ ሃይማኖቷ ሌላ ቢሆንም ወንድሟን ይማምን አረቄ ከሕሙማን ቤት ስለጣለባት ከእኛ ተለይታ አታውቅም። በየወሩ በሃያ ሰባት እስረኞቹንና ሕሙማኑን እንጠይቃለን። መጠጥ ልተው ያለ ሰው በንስሐ አባታችን ፊት እስከሚመጣው መድኃኔዓለም ድረስ ብቻ ይገዘታል፤ የዕድሜ ልክ ግዝት ከማንም አንጠይቅም። ወሩ ሲሞላ ጽዋውን ከእኛ ጋር ጠጥቶ ግዝቱን ያድሳል። በመካከሉ ሲንቀጠቀጥ እጁን የሚይዝለት፣ ሲያልበው ግንባሩን የሚጠርግለት ሰው አያጣም። ሥራችን ይኸው ነው። ለመንግሥትዎ ይህን ያህል የሚያስፈራ መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና እናመሰግናለን።

አሁን አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር ገንቧችን ጠጅ ይዟል ተብሎ በእስር ቤቱ በር ተያዘ። ምርመራውን ለዘበኛዎ ለማሩ ሰጡት። ማሩም ትእዛዝ አክባሪ ነውና ብርዙን እስከ አተላው ጠጥቶ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ስካሩን ይጠብቅ ጀመር። ፀሐይ ዞረች፤ ስካሩ ግን አልመጣም። ወደ ማታ ወደ እኛ መጥቶ፣ ሳይሰክር የዋለበትን ሌላ ቀን እንደማያስታውስ ነገረን። እርስዎ ግን ብርዙ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላም ባዶውን ገንቦ በሰንሰለት አሰሩት። ስንቅ የማይጠይቅ እስረኛ ስላገኙ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፤ ሙላቴ የሐሙሲት ገበሬ ነው። ወንድሙ ጫካ ስለገባ እሱን ይዘው አሰሩት። ለሌላው እስረኛ ውኃ እንኳ ሲነፈግ፣ እርስዎ በደግነትዎ ለሙላቴ የአገርዎን አረቄ በጠርሙስ ይልኩለት ነበር። ጠጣና ለወንድሙ ስንቅ ከሚያቀብሉት ያንዱን ስም ተናገረ፤ ያ ሰው ዛሬ ከአፈር በታች ነው። ሙላቴ ሲነቃ ምን እንዳለ አላወቀም፤ እየሳቁ የነገሩት ዘበኞችዎ ናቸው። እኛን ያስጠራን ያን ዕለት ነው። ምላሴን መልሱልኝ ብሎ አለቀሰ፤ ተገዘተም። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስዎ ከአጠገቡ ይቀመጣል፤ እሱ ግን አልነካውም፣ አንድ ስምም ከአፉ አልወጣም። ሲታመም ወዳጅዎ የነበረው ሰው ሲድን ጠላትዎ ሆነ። ከበር የከለከሉን በብርዙ ምክንያት እንዳልሆነ ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ እርስዎም ማወቃችንን ይወቁልን ብዬ ነው።

ሦስተኛ፤ የሕሙማን ቤቱንም በር ዘግተውብናል። ይማም በሰው ኮቴ ሁሉ እኅቱ የመጣች እየመሰለው ቀና ይላል አሉ። ስለዚህኛው ምስጋና የሚሆን ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አራተኛውና የመጨረሻው፤ ነገ ሃያ ሰባት ነው፤ የሙላቴ ግዝት ነገ ይሞላል። እኛ ካልገባን ከጽዋችን ይልቅ ጠርሙስዎ ይቀርበዋል። እፈራለሁ፣ ካፒታኖ። የምፈራው ግን እርስዎን አይደለም። በሐሙሲት ዙሪያ ስንት ሰው በሰላም ማደሩ በዚያ ሰው ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱም ዳግመኛ ቢናገር ከእንግዲህ ራሱን በሕይወት አያቆይም። ስለዚህ ነገ እንመጣለን። ቢከለክሉን ከአጥሩ ውጭ ቆመን ጽዋችንን እናነሣለን፤ ድምፃችንን ያውቀዋልና ከውስጥ ሆኖ ይመልስልናል። እንደ ገንቧችን ሊያስሩን ቢፈቅዱም አንቀየምዎትም፤ ሥራችን እዚያው ውስጥ ነውና የመመላለሱን ድካም ይቀንሱልናል።

ለወገብዎ ሕመም ዘወትር የምጸልይ፣ ለትእዛዝዎ ግን ጊዜ ያጣሁ፣ ትሑት አገልጋይዎ ልሆን ብሞክር ያልሆነልኝ፣

ፈንታነሽ፣ በጽዋ ማኅበሩ ስም

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ የተጨመረ፤ ኅዳር ፳፯ ቀን ማለዳ።

ደብዳቤዬን ሳልልክ አዲስ ነገር ስለተገኘ እንዳይሰወርዎ ብዬ ነው። ዛሬ በጠዋት ከእስር ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ከልካይ አላገኘንም። የቀሩት እስረኞች እንደነገሩን ማሩ የሙላቴን ክፍል ከፍቶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሁለቱም ወደ ሐሙሲት ጫካ ሄደዋል፤ ሌሎቹ ዘበኞችዎም እነሱን ፍለጋ ወጥተዋል። ብርዙን ከመረመረ ወዲህ እሱም እንደ ሙላቴ መጠጥ ላይነካ ከእኛ ዘንድ ግዝት ገብቶ ነበር፤ ሳልነግርዎ በመቅረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ገንቧችንንም ከሰንሰለቱ ፈትቶ ትቶልን ስለነበር በከድጃ ማር አዲስ ብርዝ ሞልተን የቀሩትን እስረኞች አጠጥተናል። ለሙላቴ የላኩለት ጠርሙስ ሳይከፈት ከደጃፉ ቆሟል። ከማኅበራችን የሚጠጣው ሰው የለም፤ ዛሬ ለአለቆችዎ የሚጽፉት ነገር ስላለ ግን እርስዎን ሳያስፈልግዎ አይቀርም።