ለኬዲያ የጠበበው ኮት

ኪንግስተን፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018

ውድ ኤግበርት፣

እንደምን ከርመሃል? የቶሮንቶ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አድርጎታል? እኔ ደህና ነኝ። የባንዱን ልብስ ዛሬም የምሰፋው እኔው ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እምቢ ብሎኛል። ማንጎው ዘንድሮ ቀድሞ አብቧል። የምጽፍልህ ግን ስለ ሰማያዊው ኮትህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ አልቫ ቤዝ ጊታሩን ትቶ ባዶ እጁን መጣ። ነገር እንዳለው ወዲያው ገባኝ። ከኋላው ኬዲያ የምትባል ቀጭን ልጅ እንዳንተው የምትነፋውን ትሮምቦን ታቅፋ ቆማለች።

«ኢሜልዳ፣ የባልሽን ኮት ለዚች ልጅ አጥብቢልኝ» አለኝ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ጤና የለህም እንዴ? ሰውዬው እኮ አልሞተም።»

«ቢሞትማ በወጉ ቀብረን ሌላ እንተካ ነበር። የቸገረን አለመሞቱ ነው። የኔም ጣት እየደነዘዘ ነው፤ ያ ቦታ ሳይሞላ ልሙት?»

የዛሬ ስንት ዓመት ለአንድ መከር ካናዳ ፖም ለቀማ ብለህ ስትሄድ «እስክመለስ ቦታዬን እንዳትነኩ» ብለሃቸው ነበር። አልነኩትም። በዘፈኑ መሀል ብቻህን የምትነፋበት ተራ ሲደርስ ነፊዎቹ ሁሉ መሣሪያቸውን ከአፋቸው ያወርዳሉ፤ ድራሙ፣ ቤዙና ያቺ በምት መሀል የምትዘለው ጊታር ብቻ ይቀጥላሉ። ሕዝቡም ባዶውን ቦታ ይጨፍርበታል። መልክህን የማያውቁ ወጣቶች ለእሱ ሲሉ ይመጣሉ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እጨፍርበታለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ ውስጥ ስትነፋ ይሰማኛል።

ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መቀሴን ያዝኩ። እጄ እምቢ አለኝ። አንዴ ከተቆረጠ ላንተ አይሆንም።

«እትዬ፣ ከከበደዎት በሸሚዝ እነፋለሁ» አለችኝ ልጅቷ።

«የኔ ባንድ በሸሚዝ አይቆምም። ለመሆኑ የሱን ዜማ ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ። ዓሣ ስትጠብስ ታንጎራጉረዋለች።»

«ከምቱ ቀድሞ ዘሎ የሚገባበትን ስህተቱንም?»

«እሱ ስህተት ነው እንዴ?» አለችኝ፣ የምሯን።

ሳቄ መጣ። እየሳቅኩ ቆረጥኩት።

ትናንት ባንዱ ቡል ቤይ ባሕሩ ዳር ተጫወተ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ውሃው እንደ ማር ሆኖ ነበር። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ትከሻ ይዘው፣ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ይዘላሉ። ይኸው ስንት ዘመን ያንኑ ዘፈን ይሰማሉ፣ አይሰለቻቸውም። ሲዘሉ ስታያቸው ማንኛው አያት፣ ማንኛው የልጅ ልጅ እንደሆነ ይጠፋሃል።

ያንተ ተራ ደረሰ። ነፊዎቹ መሣሪያቸውን አወረዱ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ኬዲያ ያንተን ኮት ለብሳ፣ ልክ እንዳንተው ቀድማ ዘላ ገባች።

ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ጋሽ አልቫ እንዳቀረቀረ ቀረ። ባሕሩና ያቺ ትሮምቦን ብቻ ይሰሙ ነበር ብልህ አላጋነንኩም። ከዚያ ፊት የቆሙት ሴቶች አብረዋት ማንጎራጎር ጀመሩ፣ ኋላ ያሉትም ተቀበሏቸው፣ አሸዋው መልሶ መዝለል ያዘ። ዓይኔን ገለጥኩ። ኮቱ ትከሻዋ ላይ ልክ ነበር። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ጨፈርኩ።

እንዳትቆጣኝ። ያ ቦታ ከእንግዲህ ተይዟል፣ የፈቀድኩትም እኔ ነኝ። ግን አስበው፣ አንተ ሁልጊዜ መድረክ ላይ፣ እኔ ከታች፤ አንድ ቀን እንኳ ይዘኸኝ ጨፍረህ አታውቅም። አሁን ብትመጣ የምትቆመው አጠገቤ ነው። የማትመጣ ከሆነም ቁርጡን ጻፍልኝ። ልጅቷ ስትነፋ የሰው እጅ ይዤ መጨፈር እፈልጋለሁ።

ከመጣህ የጭፈራ ኮት እሰፋልሃለሁ። የድሮውን ልክህን ትናንት ኬዲያ ለብሳው ሄዳለች፤ የአሁኑን አላውቀውም። ትከሻህን ለክተህ ላክልኝ።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ከብርዱም ይሰውርህ።

ኢሜልዳ