የፍልሰታ ጉዞ ወደ ላዳክ

ኬንሲንግተን፣ ሜልበርን
ሐምሌ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለማርያማዊት
ዳርዊን

የዳርዊን ሙቀት ጤናሽን ሳይነካ፣ የሆስፒታሉ ሺፍት መደራረብም ሳያደክምሽ ይህ ጽሑፍ ይድረስሽ። እኔ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ቆሜ እሄዳለሁ። መቀመጥ ግን አልሆነልኝም፤ አንድ መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ በመስኮቱ የባቡሩን ሐዲድ አይቼ እመለሳለሁ። ምክንያቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

«አባዬ፣ የሁለታችንንም የአውሮፕላን ትኬት ቡክ አድርጌያለሁ፤ እስከ ረቡዕ እሺ ካላሉኝ ብቻዬን እሄዳለሁ» ብለሽ ልከሽልኛል። ከሁዳዴ ወዲህ ከ«ኦኬ አባዬ» ያለፈ ቃል ስትጽፊልኝ ይህ የመጀመሪያሽ ነው። እናትሽ ዓለምጸሐይ ካረፈች ዓመት ሳይሞላት፣ በጾም ወተት ያለበት ሻይ ስትጠጪ አይቼ በእንግዶች ፊት ስለ ገሠጽሁሽ ተቀይመሽ መሄድሽን አልረሳሁም። የተናገርሁት ሥርዓት ነው፤ አላጥፈውም። ቤቱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፍቶኛል።

ወደ ዕቅድሽ ልመለስ። ላዳክ በሕንድ ሰሜን ያለ የተራራ አገር መሆኑን፣ የቡድሃ ገዳማቱም እንደ እኛዎቹ በአለት ጫፍ ላይ መሠራታቸውን ጽፈሽልኛል። የከፍታውን አየር እስክንለምድ በመጀመሪያ ዕረፍት ማድረግ እንዳለብን ማሰብሽ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ነገር ግን ጉዞው የሚጀምረው በነሐሴ መባቻ ነው። ፍልሰታ ነው! «መነኮሳቱ ሥጋ ስለማይበሉ ጾምዎ አይነካም» ብለሻል። ልጄ፣ ሥጋን መተው ብቻውን ጾም ሆኖ ያውቃልን? እነዚያ ሰዎች ሻያቸውን እንኳ በቅቤ የሚያፈሉ ናቸው። ጉዞውን ለሌላ ወር አሸጋግሪው እንዳልልሽ፣ የሥራ ፈቃድሽ በነሐሴ ብቻ ነው፤ ከዚያም ወዲያ የተራራው መንገድ በበረዶ ይዘጋል።

ስለ ጣዖቱም አስቤያለሁ። ከመቅደሳቸው ደጃፍ አላልፍም። አንቺ የግድግዳውን ሥዕል ልታዪ ብትገቢ፣ ውጭ ሆኜ ጫማሽን እጠብቃለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ቀሲስ አናንያን አማከርኋቸው። «መንገደኛ ነዎት፤ ዕድሜዎም ገፍቷል። እኔ ፈትቼዎታለሁ፤ የቀረበልዎትን ይብሉ» አሉኝ።

«አባቴ፣ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ የእርዳታ ወተት እየመለስሁ የጾምሁ ሰው፣ ዛሬ ለሽርሽር ብዬ ልፍታ?» አልኋቸው።

«እንግዲያውስ ይቅሩ።»

ይቅሩ ማለታቸው ይበልጥ አናደደኝ። የትራሙን መንገድ በእግሬ ተመለስሁት።

ማክሰኞ ጎረቤቴ ሩቤል በታክሲው ወደ ፉትስክሬይ ሰፈር ወሰደኝ። አንዲት የላዳክ ተወላጅ በዚያ ሱቅ እንዳላት የነገረኝ እርሱ ነው። ገና መኪናው ውስጥ ስገባ ወደ እግሬ እያየ ይስቃል።

«ጋሼ ተስፋሚካኤል፣ የማይሄዱ ከሆነ ይህ የተራራ ጫማ ለማን ነው?»

«ለክረምቱ ነው» አልሁት። በሜልበርን ሐምሌ ክረምት ነውና አልዋሸሁም።

«ደረጃውንስ? ሊፍቱ ሳይበላሽ በእግርዎ ሲወጡና ሲወርዱ ሕንፃው ሁሉ ያያል እኮ!»

«አንተ መንገድህን ተመልከት።»

ሴትዮዋ በዕድሜ የእኔ እኩያ ትሆናለች። ሩቤል በእንግሊዝኛ እየተረጎመልኝ «ወተትም ቅቤም ያልነካው በአገራችሁ ምን ይበላል?» ብዬ ጠየቅኋት። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ከረጢት አውጥታ ፈታችልኝ። በመዳፌ ዘግኜ ቀመስሁት። ገብስ ነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ። በሶ ነው፣ ልጄ! ሩቤልም ዘገነና «ኧረ ጋሼ፣ ይኼ ከሂማላያ ነው ወይስ ከደብረ ብርሃን?» አለ።

እነርሱ በቅቤው ሻይ ያሹታል። «በውሃስ ይሆናል?» አልኋት።

ሳቀችብኝ። «ይሆናል፤ ድሃ ስንሆን በውሃ ነው።»

«ጾመኛም ድሃ ነው በላት» አልሁት ሩቤልን። እርሱ ምን ብሎ እንደ ነገራት እንጃ፤ ሴትዮዋ ግን በአክብሮት ሁለት እጆቿን አጋጥማ ጎንበስ አለችልኝ። እኔም እጅ ነሣሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምክንያት እፈልጋለሁ፤ አላገኘሁም። ጉልበቴን ልል እንዳልሁ ደረጃው ይመሰክርብኛል። ብርዱን ልል፣ በብርድ አገር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ጾሙንም ልል አልቻልሁም፤ የሚበላ ተገኝቷል። እንደ ተማረ ሰው አንዱን ጥያቄ በሌላው ስፈታ ሰነበትሁ፤ የቀረው ግን በመጽሐፍ የሚፈታ ዓይነት አይደለም። ከቤት ሳትሰናበቺኝ ከወጣሽ ወዲህ አልተያየንም። ያንን ሁሉ መንገድ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ምን እንነጋገራለን? ይህን እያሰብሁ ነው የምነሣው የምቀመጠው።

የሆነው ይሁን፤ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሩቤል ይህን ገጽ ዛሬውኑ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል፤ ከረቡዕ በፊት ይደርስሻል። ፓስፖርቴ አልቆ ነበርና መልእክትሽ እንደ ደረሰኝ አሳድሼዋለሁ። በሶውን ለራሴ ይዣለሁ። አንቺ የምትበዪውን አልጠይቅሽም፤ የምትጠጪውንም አላይም።

ከየከተማችን በርረን ዴልሂ ላይ ስንገናኝ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እኔ ቀድሜ መጀመር አላውቅበትምና፣ አንቺ ቀድመሽ ሳሚኝ።

የእናትሽ በረከት ከፊትሽ ይቅደም፤ የምትወጪው ዳገት ሁሉ ይለዝብልሽ።

አባትሽ
ተስፋሚካኤል