የጨው ነጋዴው አህያ

ውድ እህቴ እናናዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ቻለልሽ ወይስ አሁንም ምርኩዝ አልይዝም እያልሽ ትከራከሪያለሽ? ልጆቹስ፣ የአሰላ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ጌታ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ያልተመቸኝ ሌላ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄን አላመንኩትም፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

አምሳሉ ሞተ። የቱ አምሳሉ እንዳትይ። እማዬ ግድግዳው ላይ በለጠፈችው ጋዜጣ ላይ፣ የጨው ነጋዴውንና የጠፋችበትን አህያ በካርቱን ይሥል የነበረው ነው። አንቺ ትምህርት ቤት ስትውይ እኔ ጋራዥ እውል ነበርና ፊደል ያስቆጠረኝ የለም። ከነጋዴው አፍ የሚወጣውን ጽሑፍ አልጋ ላይ ተጋድሜ በጣቴ እየተከተልኩ ነው ማንበብ የለመድኩት። አንዱን ገጽ እማዬ ገልብጣ ለጥፋው አንገታችንን አጣመን እናነበው ነበር። መጨረሻው ላይ ግን የሳሙና ማስታወቂያ ስለተለጠፈበት ሳናየው ቀረን። አንቺ አህያዋ ተገኝታለች ትይ ነበር፣ እኔ ጅብ በልቷታል እል ነበር። ቤቱ ፈርሶ እንኳ ክርክሩ አልፈረሰም።

ይህ ሰው እዚህ ኮሎምበስ የእኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። ያልነገርኩሽ አኩርፌው ስለነበር ነው። ለልጆች በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሣለ። ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ «በአማርኛ ሰላም ያላለ አይገባም» እያለ ልጆቹን ይመልሳል። ከዘራው የእኔ፣ ባርኔጣው የእኔ። የልጅ ልጄ ናርዲ «አባባ፣ ዚስ ኢዝ ዩ!» ብላ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። አምሳሉ «በፍቅር ነው የሣልኩት» ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። መሳቂያ አይደለሁም ብዬ መለስኳቸው። ማንበብ ያስተማረኝ እሱ መሆኑን አንድ ቀን እንኳ ሳልነግረው።

በጋውን ታመመ። ባለቤቱ ጽጌረዳ ደውላ «ጋሽ ግርማቸው፣ አምሳሉ ሊያይዎት ይፈልጋል፤ ሰፈርዎ ኢስትሙር ድረስ ራይድ መኪና እንልክልዎታለን» አለችኝ። የበደለ ይመጣል እንጂ የተበደለ አይሄድም አልኳት። «መነሳት አይችልም እኮ» አለች። ሲድን ይምጣ አልኩ።

አልዳነም።

ቀብሩ ላይ «ድምፅዎ ይሰማል» ብለው የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ ሰጡኝ። አንድ ቃል ሳልስት አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ ሰው እየመጣ «ጋሼ፣ ሲያነቡ እንዴት ያምርብዎታል!» ይለኝ ጀመር። እናናዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ጽጌረዳን ስለ አህያዋ ጠየቅኳት፤ ተገኘች ወይስ አልተገኘችም ብዬ። እሷም አታውቅም። «መጥተው ቢሆን ይነግርዎት ነበር» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ይህን ብላ ሻዬን ሞላችልኝ።

ለባለቤትሽ ለቶሎሳ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ያኮረፈው ጎረቤት ካለ ዛሬውኑ ሄዶ በሩን ያንኳኳ፣ እኔ ብዬዋለሁ። ልጅሽን ፍርዶስን ስለ እኔ ሳሚልኝ። ለሌላዋ ልጅሽ ለሚልኪና ለልጆቿ እንደናፈቁኝ ንገሪያቸው። ልጆቹ ያንን የግድግዳ ታሪክ አጫውቺን ሲሉሽ ደግሞ አህያዋ ተገኝታለች በያቸው። ወንድሜም አምኗል በያቸው።

ወንድምሽ ግርማቸው
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.